ማጽዳት፣ ማንጻት፣ ማምከን፦ በሆስፒታል የንጽሕና ሥራ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ማብራሪያ

የስያሜ ሥራ ሕግ አጭር ነው፤ አንድ ጽንሰ ሐሳብ በአንድ ቃል ይሰየም፣ አንድ ቃልም አንድ ጽንሰ ሐሳብን ብቻ ይሰይም ይላል። ይህ ሕግ በብዙ የዕውቀት ዘርፎች ቢላላ የሚደርሰው ጉዳት ከአንባቢ መደናገር አያልፍም። በሆስፒታል ውስጥ ግን እንዲህ አይደለም። «ዕቃው ጸድቷል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከጽዳት ሠራተኛዋ አፍ ሲወጣ ደሙና እድፉ ታጥቧል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ከነርሷ አፍ ሲወጣ በመድኀኒት ውስጥ ቆይቶ ወጥቷል ማለት ይሆናል፤ ቀዶ ሐኪሙ ሲሰማው ደግሞ አንድም ሕያው ተሐዋሲ የለበትም ብሎ ይረዳዋል። ሦስቱም አማርኛ ያውቃሉ፤ ሦስቱም እውነት ይናገራሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የሚገለጠው ግን ከቀናት በኋላ፣ የታካሚው ቁስል ሲያመረቅዝ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት እንደገለጸው፣ በሆስፒታል ተኝተው ከሚታከሙ 100 ሰዎች መካከል በበለጸጉት አገሮች 7ቱ፣ በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ደግሞ 15ቱ ሲገቡ ያልነበረባቸውን ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን እዚያው ሳሉ ይይዛቸዋል። ይህን ሁሉ የሚያመጣው የቃል ጉድለት ነው የሚል ሰው አይኖርም። ቧንቧው ውሃ በሌለበት፣ ጓንቱ ባለቀበት ክፍል የቃላት መጣራት ብቻውን ማንንም አያድንም። ሆኖም ውሃውም ጓንቱም ተሟልቶ ሥራው በመመሪያው መሠረት እንዲከናወን ሲፈለግ፣ መመሪያው በምን ቃል እንደተጻፈ መጠየቅ የግድ ይሆናል። መመሪያዎቹ በአመዛኙ የሚዘጋጁት በእንግሊዝኛ ነው፤ በግድግዳ የሚለጠፈው ማስታወቂያና ለጽዳት ሠራተኞች የሚሰጠው ሥልጠና ግን በአማርኛ ነው። ከእንግሊዝኛው ወደ ግድግዳው የሚያሸጋግረው ድልድይ ተርጓሚው ነው።

ምሳሌዎቼን በተቻለ መጠን ከጎጃም ደጋ፣ ከደብረ ማርቆስና ከአካባቢው እወስዳለሁ። ለዚህ ሁለት ምክንያት አለኝ። የደብረ ማርቆሱ ሆስፒታል ከብቸና፣ ከሞጣ፣ ከደጀን፣ ከሉማሜና ከሌሎችም የምሥራቅ ጎጃም ወረዳዎች የሚላኩለትን ሕሙማን የሚቀበል ተቋም ነው። በዚህ አካባቢ ሠራተኛውም ታካሚውም አማርኛን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ በመሆኑ፣ አንድ የሙያ ቃል በክፍሉ ውስጥ ሲነገር ከነቤተሰባዊ ትርጉሙ፣ ከነማድ ቤት ጠረኑ ይሰማል። ሁለተኛው ምክንያት የአገሩ ከፍታ ነው፤ ይህ ወደ ኋላ ይመጣል።

በመጀመሪያ የቃላቱን ሥር እንመልከት። በግእዝ «ጸዐዳ» ነጭ ማለት ነው፤ የአማርኛው «ጸዳ»ም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። እንግዲህ ጽዳት በሥርወ ቃሉ የዐይን ጉዳይ ነው፤ የነጣ ነገር ጸዳ ይባላል። ጋቢው ታጥቦ ሲነጣ፣ ወለሉ ተወልውሎ ሲያበራ፣ የሐኪሙ ካፖርት እንደ በረዶ ሲሆን ጽዳት አለ እንላለን። «ንጹሕ»ና «ንጽሕና» ደግሞ ከግእዙ «ንጽሐ» የመጡ ሆነው፣ የሚታየውን እድፍ ብቻ ሳይሆን የልብንና የሥርዐትን ንጽሕና ጭምር ይመለከታሉ፤ ተቃራኒያቸውም «ቆሻሻ» ብቻ ሳይሆን «ርኩስ» ነው። ሁለቱም የቃል ቤተ ሰቦች ጥንታውያንና የከበሩ ናቸው። ነገር ግን አንዳቸውም ቢሆኑ በዐይን የማይታየውን፣ ከሥርዐትም ጋር ዝምድና የሌለውን የተሐዋስያንን ጉዳይ ለመሰየም የተፈጠሩ አይደሉም። ለዐይን ጸድቶ ለቁስል ያልጸዳ ዕቃ ሊኖር እንደሚችል ቃሉ በራሱ አይነግረንም።

ይህ ችግር የአማርኛ ብቻ አለመሆኑን የሕክምና ታሪክ ያሳያል። የሀንጋሪው ተወላጅ ሐኪም ኢግናዝ ሴመልቫይስ እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና ከተማ በአንድ የማዋለጃ ክፍል ሲሠራ፣ ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ አስከሬን መርምረው በቀጥታ ወደ ወላዶቹ ይሄዱ ነበር። እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፤ እጃቸውም ለዐይን ጸድቷል፤ የአስከሬኑ ሽታ ግን ከእጃቸው አልለቀቀም። ሴመልቫይስ ዐይንን ትቶ አፍንጫን አመነ። ሽታውን የሚያጠፋ የክሎሪን ውሃ አዘጋጅቶ ሁሉም በእርሱ እንዲታጠቡ አዘዘ። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ከ100 ወላዶች 18 ያህሉን ይገድል የነበረው ትኩሳት በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 2 ያህል ወረደ። የትኩሳቱ ምንጭ ተሐዋስያን መሆናቸው ገና አልታወቀም ነበር፤ «ታጠበ»ና «ጸዳ» አንድ አለመሆናቸው ግን ያን ጊዜ ታወቀ።

ዛሬ የሕክምና መሣሪያ ወደ ሌላ ታካሚ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍባቸው ደረጃዎች በግልጽ ተለይተዋል። በመጀመሪያው ደረጃ ደሙ፣ መግሉ፣ እድፉ በውሃና በሳሙና ተፈትጎ ይወገዳል። በሁለተኛው በኬሚካል ወይም በሙቀት አብዛኞቹ ተሐዋስያን ይገደላሉ፤ ጠንካራ ልባስ ለብሰው የሚያደፍጡት፣ ስፖር የሚባሉት የባክቴሪያ ዘሮች ግን ሊተርፉ ይችላሉ። በሦስተኛው ስፖሩም ሳይቀር ሁሉም ይጠፋል። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው የትኛው እንደሚያስፈልግ የሚወሰነው መሣሪያው በሚነካው የሰውነት ክፍል ነው። አሜሪካዊው ኧርል ስፖልዲንግ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስፋፋው አመዳደብ ወደ ሥጋና ወደ ደም የሚገባውን ዕቃ፣ እርጥቡን የውስጥ ገላ የሚነካውንና ያልቆሰለ ቆዳን ብቻ የሚነካውን ለየብቻ ያያል። የመጀመሪያውን ምድብ እንግሊዝኛው የሚጠራበት ቃል በዕለት ተዕለት አጠቃቀሙ «አሳሳቢ» ወይም «ወሳኝ» ማለት በመሆኑ፣ «አሳሳቢ ዕቃዎች» የሚል ትርጉም በቀላሉ ይመጣል። አንባቢም ዕቃው ተሰብሮ ወይም ጠፍቶ ይሆን ብሎ ይጨነቃል። «ሥጋ ገብ ዕቃ» ቢባል ግን ማብራሪያም አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ለሦስቱ ደረጃዎች ሦስት ግሶች ያስፈልጉናል፤ በተግባር ግን «ማጽዳት» የሚለው አንዱ ቃል ሦስቱንም ሲሸከም ይታያል፤ ሁለተኛው ደረጃ «በሚገባ ማጽዳት»፣ ሦስተኛው «ፍጹም ማጽዳት» እየተባለ። ይህ አካሄድ ብልሃተኛ ይመስላል እንጂ አደገኛ ነው። ምክንያቱም «በሚገባ» የሚለው ተውሳከ ግስ በአማርኛ የትጋትን መጠን እንጂ የሥራን ዐይነት አይለይም። «በሚገባ አጽጂው» የተባለች ሠራተኛ ከቀድሞው አጥብቃ ትፈትጋለች፤ ጨዋ አማርኛ የሚነግራት ይህንኑ ነው።

ለሦስተኛው ደረጃ «ማምከን» የሚለው ቃል በሚገባ ሥር ሰድዷል፤ ሊነቀልም አይገባውም። ቃሉ ከግእዙ «መከነ»፣ ከ«መካን» የመጣ ነው፤ የመከነ ዕቃ ዘር የማይበቅልበት፣ ምንም የማይራባበት ዕቃ ነው። አንድ ትልቅ ብልጫም አለው። «ጸዳ» ይበልጥና ያንስ ዘንድ ይችላል፤ ይህ ቤት ከዚያ ቤት ይጸዳል ይባላል። «መከነ» ግን ደረጃ የለውም፤ መካን የሆነ መካን ነው፤ ከጎረቤቱ ይልቅ ጥቂት የመከነ የለም። ሳይንሱም የሚለው ይኸንኑ ነው። በአንጻሩ ቃሉ ጣጣ አለበት። ጋዜጣው ፈንጂ መከነ፣ ሴራ መከነ ይላል፤ ከሁሉ በላይ ግን ቃሉ ልጅ የማጣትን ነገር ያስታውሳል። የማሕፀን ምርመራ ልታደርግ የመጣች እናት «መሣሪያውን አምክነነዋል» ሲሏት ልቧ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አይስተውም። በዲማ ወይም በደብረ ኤልያስ ለሚቀመጥ የቅኔ ተማሪ ይህ ቃል ኅብር ለመዝረፍ እጅግ የተመቸ ነው፤ ለአዋላጅ ነርስ ግን ኅብሩ ምኗም አይደለም። ስለሆነም ቃሉ በመመሪያና በሠራተኞች መካከል ይቆይ፤ ለታካሚ ሲነገር «ተሐዋስያን የሌሉበት» ማለት ይበቃል። የሙያ ቃል ለሁሉም አድማጭ የግድ አንድ መሆን የለበትም።

አስቸጋሪው ሁለተኛው ደረጃ ነው። «ፀረ ተሐዋስያን ማድረግ» የሚለው ሐረግ ትክክል ቢሆንም ለእርባታ አይመችም፤ «ፀረ ተሐዋስያን ያልተደረገውን አድርጊው» የሚል ትእዛዝ ማንም ቸኩሎ አይናገርም። በሥራ ላይ ያለ ሰው አንድ ቃል ይሻል፤ ካላገኘም «ዲስኢንፌክት» ወይም ከዚያ የቀረበውን «አልኮል ነገር አድርጊበት» ይላል። በበኩሌ «ማንጻት» የሚለውን ግስ አቀርባለሁ። «ነጻ» ከ«ንጽሐ» ቢወለድም በአማርኛ የራሱን መንገድ ይዟል፤ በወንጌል ለምጻም ሲፈወስ የሚነገርለት ግስ ይኸው ነው። የለምጻሙ መንጻት እድፍን ከመታጠብ የተለየ፣ ከሚጋባ ደዌ መላቀቅ ነው። «ነጻ» የሚለው ቃል «ነጻ የወጣ» የሚለውንም ስለሚያስታውስ ነገሩን አያጣምምም፤ የነጻ ዕቃ ከአብዛኛው ተሐዋሲ ነጻ የሆነ ዕቃ ነው። ቃሉ የቤተ ክርስቲያን ጠረን አለው፣ ከ«ንጹሕ» ጋርም ዘመዳማች ነው ተብሎ ቢነቀፍ ነቀፌታው መሠረት አለው። የተሻለ ቃል የሚያመጣ ቢገኝ ደግሞ የእኔን ለመተው አላመነታም። እስከዚያው ግን ማጽዳት፣ ማንጻት፣ ማምከን ብለን ሦስቱን ብንለይ፣ «ታጥቧል እንጂ አልነጻም»፣ «ነጽቷል እንጂ አልመከነም» ለማለት እንችላለን። ዛሬ እነዚህን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በአማርኛ ሳያብራሩ መናገር አይቻልም።

የደረጃዎቹ ቅደም ተከተልም ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የእንግሊዝኛው መመሪያ ደጋግሞ የሚያስጠነቅቀው፣ ሳይታጠብ በመድኀኒት የተነከረ ዕቃ እንደማይነጻ ነው፤ ደሙና እድፉ ተሐዋስያኑን ይጋርዳቸዋልና፣ የመድኀኒቱንም ኀይል ይበላዋልና። ይህን ለማስረዳት ሥዕልና ንግግር ይበዛል። ጠላ የምትጠምቅ የጎጃም ባልቴት ግን ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጥርታ ሳታጥብ በወይራ አታጥንም። ያልታጠበ ጋን ቢታጠን ምን ሊረባ ብትባል ትስቃለች። ማጠብና ማጠን የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው፣ አንዱ የሌላውን ቦታ እንደማይተካ፣ ማጠብም እንደሚቀድም ቋንቋው ከነጥንድ ግሶቹ ያውቃል። ወይራው ባክቴሪያ ይገድላል ወይም አይገድልም የሚለው የሌላ ጥናት ጉዳይ ነው፤ እኔ የምለው የጽንሰ ሐሳቡ መደብ በቤታችን አለ ነው። የማሠልጠኛ ጽሑፍ አዘጋጆች ከውጭ የመጣውን ሥዕል ከመቅዳታቸው በፊት ጋኑን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

ከሁሉ የከፋው መደናገር ያለው «ብክለት ማስወገድ» በሚለው ስያሜ ላይ ነው፤ የችግሩ ምንጭም እንግሊዝኛው ራሱ ነው። በኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የተሠራጨው የኢንፌክሽን መከላከያ መመሪያና ከእርሱ የተወለዱት ሥልጠናዎች ይህን ቃል ለመጀመሪያው ተግባር ሰጡት። ያም ያገለገለውን መሣሪያ ከማጠብ በፊት በ0.5 በመቶ የክሎሪን ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ማቆየት ነው። በዓለም ጤና ድርጅት አጠቃቀም ግን ያው ቃል ማጽዳትን፣ ማንጻትንና ማምከንን በአንድነት የሚያቅፍ ጠቅላይ ስም ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ከማጠብ በፊት በክሎሪን ማቆየቱን አልደገፈም። ክሎሪን ብረቱን ይበላዋል፤ ደም ሲነካው ይደክማል፤ ፍንጣቂውም ሠራተኛውን ይጎዳል። በምትኩ ዕቃው እንዳይደርቅ በውሃ ወይም በሳሙና ውሃ አርጥቦ ወደ ማጠቢያው ማድረስ ይመረጣል።

ተርጓሚው እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? የቀድሞው ተርጓሚ የ10 ደቂቃውን ሥራ «ብክለት ማስወገድ» ብሎ ሰይሞታል። አዲሱ ማስታወቂያ «ከማጠብ በፊት የሚደረገው ብክለት ማስወገድ ቀርቷል» ሲል፣ አንባቢው ብክለትን ማስወገድ የሚባል ነገር ከናካቴው እንደቀረ ሊገነዘብ ይችላል። እንዲህ ያለ አለመግባባት የሚመጣው ሠራተኛው ሰንፎ ሳይሆን ቃሉን አምኖ ነው። መፍትሔው ከሩቅ አልነበረም። ልብስ ከመታጠቡ በፊት በሳሙና ውሃ ውስጥ ሲያድር «ተዘፈዘፈ» እንላለን። ያ የ10 ደቂቃ ሥራ ከመጀመሪያው «በበረኪና መዘፍዘፍ» ተብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ሲቀር «መዘፍዘፉ ቀርቷል» ተብሎ በሁለት ቃል ያልቅ ነበር፤ «ብክለት ማስወገድ»ም ለጠቅላላው ሥራ ተጠብቆ ይቆይ ነበር። ከዚህ የምንማረው ተግባርን የሚሰይም ቃል እጅ በሚሠራው ሥራ፣ ዓላማን የሚሰይም ቃል ደግሞ በዓላማው መሰየም እንዳለበት ነው። ተግባሩ ይለወጣል፤ ዓላማው ይቆያል፤ አንዱን በሌላው ስም የጠራ ሁለቱንም ያጣል።

ወደ ከፍታው እንምጣ። አማርኛ «ማፍላት»ንና «መቀቀል»ን ይለያል። የሚፈላው ፈሳሹ ራሱ ነው፦ ውሃ፣ ወተት፣ ቡና። የሚቀቀለው በፈላው ውስጥ ያለው ጠጣር ነው፦ እንቁላል፣ ድንች፣ በቆሎ። መርፌና መቀስ በውሃ ውስጥ መቀመጥ በጀመሩበት ዘመን ሕዝቡ ሳይመከር «መርፌ መቀቀል» አለ፤ ከዚህ የተሻለ ስያሜ ማንም ኮሚቴ አያወጣም። ችግሩ የመጣው «መቀቀል» የ«ማምከን» አቻ ተደርጎ ሲወሰድ ነው። ውሃ በባሕር ወለል አቅራቢያ በ100 ዲግሪ ሴልሲየስ ይፈላል። ደብረ ማርቆስ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ባላነሰ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ወደ ጮቄ ተራራ ወገብ፣ ወደ 3,000 ሜትር ሲወጡ ደግሞ በ90 ዲግሪ። ከዚህ በላይ እሳቱ ቢበረታ ውሃው ይተናል እንጂ አይግልም። መንጋጋ ቆልፍን የሚያመጣው ባክቴሪያ ስፖሩ ይህን ሙቀት ተቋቁሞ ሊተርፍ ይችላል። ስለዚህ መቀቀል፣ ጊዜው እስከተጠበቀ ድረስ፣ የማንጻት አንዱ መንገድ ነው፤ ማምከን ግን አይደለም፤ በጎጃም ደጋ ቀርቶ በባሕር ዳርቻም አይደለም።

«የውሃው ሙቀት 100 ዲግሪ ሲደርስ ደቂቃ መቁጠር ይጀመር» የሚል ዐረፍተ ነገር ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል ቢተረጎም ትርጉሙ እንከን የለውም፤ በደብረ ማርቆስ ግን የሚፈጸምበት ቀን አይመጣም። ቴርሞሜትር የያዘች ታዛዥ ነርስ ውሃው ሁሉ ተንኖ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። «ውሃው ሲንተከተክ» ቢባል የትም ቦታ ይሠራል፤ ከዚያ 20 ደቂቃ ይቆጠራል።

የእንፋሎት ማምከኛው ጉዳይ ከዚህ ይረቅቃል። በማምከኛው ውስጥ የሚፈለገው ሙቀት 121 ዲግሪ ሲሆን፣ መጻሕፍቱ ይህን ለማግኘት የግፊት መለኪያው 15 ፓውንድ በካሬ ኢንች እንዲያሳይ ያዛሉ። ይህ ቁጥር ግን የባሕር ወለል ቁጥር ነው። አብዛኛው መለኪያ የሚያሳየው በውስጡና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ የውጭው አየር በሳሳበት በደብረ ማርቆስ ያንኑ 121 ዲግሪ ለማግኘት መለኪያው 19 ያህል ማሳየት ይኖርበታል። በ15 የቆመ ሰው ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል፤ ዕቃው ግን ከሚገባው ሙቀት ዝቅ ብሎ ቆይቷል። ይህ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅን የሚመለከተው በብይን አጻጻፍ ነው። ብይኑ «በ15 ፓውንድ ግፊት ማብሰል» ከሚል፣ «ጫና ባለው እንፋሎት በ121 ዲግሪ ሙቀት ለተወሰነ ጊዜ ማቆየት» ቢል ቦታው ቢለወጥ አይፈርስም፤ ሙቀቱና ጊዜው የነገሩ ባሕርይ ናቸው፤ ግፊቱ ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ ነው።

ስለ ቁጥር ከተነሣ አይቀር በረኪናንም ላንሣ። ቃሉ ጓንትን፣ ፋሻንና ጄሶን ይዞልን ከመጣው ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው፤ «የክሎሪን ብጥብጥ» እያሉ እርሱን ማባረር ድካም ነው። በጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የተጻፈበትን በረኪና ወደ 0.5 በመቶ ለማውረድ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ይቀላቀላል። በእንግሊዝኛው «አንድ ለዐሥር» የሚመስለው አጻጻፍ አንዳንዴ ከዐሥሩ አንዱን፣ አንዳንዴ አንዱን በዐሥር ላይ ያመለክታል። በአማርኛ «አንድ ጣሳ በረኪና በዘጠኝ ጣሳ ውሃ» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ የማንንም ሒሳብ አያስቸግርም።

ሌሎቹን በአጭሩ ላንሣቸው። «ወለሉን መጥረግ» በመጥረጊያ አቧራ ማስነሣትን ስለሚጨምር፣ መመሪያው የሚፈልገው «በእርጥብ መወልወል»ን ነው። አልኮል በእጅ ላይ «ይቀባል» ከተባለ ስስ አድርጎ አስነክቶ መተውን ያመጣል፤ የሚፈለገው እስኪደርቅ «ማሸት» ነው። «የእጅ መታጠብ» አልኮሉን ስለማያካትት ለሁለቱም «የእጅ ንጽሕና» ይሻላል፤ እጁ ንጹሕ ነው ሲባል ሌብነት የለበትም ማለት ቢሆንም፣ በዚህ ድርብ ትርጉም የሚጎዳ ታካሚ የለም። «ኢንፌክሽን ቁጥጥር» የሚለው ሐረግ ግን ሊታሰብበት ይገባል። በአማርኛ ቁጥጥር ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው ተቆጣጣሪ፣ መዝገብና ቅጣት ነው። የእንግሊዝኛው ቃል የሚፈልገው መግታትን ነው፤ «ኢንፌክሽንን መከላከልና መግታት» ቢባል ሥራው የሁሉም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2014 በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የተጀመረው፣ ጤና ተቋማትን ንጹሕና ደኅንነታቸው የተጠበቀ ለማድረግ የታሰበው ንቅናቄ በእንግሊዝኛው ምሕጻረ ቃል «ካሽ» መባሉን ሳስብ ፈገግ ማለቴ አልቀረም፤ ካሽ በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ጥሬ ገንዘብ ነውና።

ስለ «ኢንፌክሽን» ራሱ ብዙ ተከራክረናል። «ልክፍት» የሚለውን የሚደግፉ አሉ፤ ያበደ ውሻ የለከፈው ሲባል ነገሩ በእርግጥ ይቀርባል። ነገር ግን ልክፍት ከዛርና ከአጋንንት ጋር ተጣብቋል፤ «ለከፋ»ም በከተማ ሴቶችን በመንገድ ላይ ማስቸገር ሆኗል። በጎጃም ገጠር «ልክፍት አለበት» የተባለ ሰው ወደ ጠበል እንጂ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አይላክም። የተውሶው ቃል በአናባቢም በተነባቢም ለአማርኛ ስላልከበደ ይቆይ እላለሁ። ሆኖም የቀዶ ሕክምና ቁስል ኢንፌክሽን ሲባል፣ ማንም ገበሬ የሚያውቀው «አመረቀዘ» የሚል ግስ አጠገባችን አለ። ቁስሉ ቀላ፣ አበጠ፣ መግል ቋጠረ የሚለውን ሁሉ በአንድ ቃል ይሰበስባል። ከሆስፒታል ወደ ቤቱ የሚመለስ ታካሚ «ኢንፌክሽን ከፈጠረ ተመለስ» ከሚባል «ካመረቀዘ ተመለስ» ቢባል፣ ሳይዘገይ ይመለሳል።

በመጨረሻ አንድ ስያሜ ቀርቷል። ከሆስፒታል የሚወጣውን ቆሻሻ በየዐይነቱ መለየት የዚህ ሥራ ትልቅ ክፍል ነው፤ ተራው በጥቁር፣ ደም የነካው በቢጫ፣ ስለታሙ በሴፍቲ ቦክስ ይሰበሰባል። በእንግሊዝኛው ዝርዝር እንግዴ ልጅም ከሰውነት የተለየ ቆሻሻ ተብሎ ይመደባል፤ ተርጓሚውም «የእንግዴ ልጅ መጣያ» ብሎ ይጽፋል። ከኬሚካልና ከተሐዋስያን አንጻር ስሕተት የለበትም። ነገር ግን በእኛ ዘንድ ከልጁ ጋር ስለመጣ ልጅ የተባለው ይህ ነገር አይጣልም፤ ይቀበራል። ወላዷና እናቷ ያን ጽሑፍ በበሩ ላይ ሲያነቡ የሚሰማቸው ነገር በሚቀጥለው ጊዜ ሆስፒታል ለመምጣት ወይም በቤት ለመውለድ በሚያደርጉት ምክር ውስጥ ድርሻ ይኖረዋል። ጉድጓዱ ያው ጉድጓድ ነው፣ ጥልቀቱም ክዳኑም አይለወጥም፤ ከላዩ የሚለጠፈው «የእንግዴ ልጅ መቅበሪያ» ቢል ይበቃል።